ዋጋ ያልተለጠፈበት ካሴት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሬድዮ እሰማለሁ። ጉልበቴ ደረጃ አልወጣ ብሏል፣ ዓይኔም የካሴት ክር መቀጠል ካቆመ ቆይቷል። ጆሮዬ ግን ደህና ነው። የሥራ ዘመኔን ሁሉ እንጀራዬን የበላሁት በጆሮዬ ስለሆነ ተንከባክቤ ይዤዋለሁ።

ባለፈው ሰሞን አንድ የሙዚቃ ፕሮግራም የሚያቀርብ ልጅ፣ ድምፁ ማር የሆነ፣ እንዲህ ሲል ሰማሁት። ውጭ አገር አንድ የሙዚቃ ቡድን አዲስ አልበሙን ያለ ዋጋ አውጥቶ አድማጮቹን «የፈለጋችሁትን ክፈሉ» ብሏቸዋል፤ ዓለምም ተደንቋል። «በዓለም የመጀመሪያው!» አለ ልጁ። በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። «እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ማሰብ የምንጀምረው መቼ ይሆን?» ብሎ ሳቀ።

ሬድዮውን ዘጋሁት። መልሼ ከፈትኩት፤ አሁንም እየሳቀ ነው፤ እንደገና ዘጋሁት። ጎረቤቴ በሩን አንኳኩታ «ጽጌ፣ ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?» አለችኝ። ከሬድዮ ጋር ነው ብላት ምን ልትል?

መቼ እንደሆነ ልንገረው። በደርግ ጊዜ ነው። የት እንደሆነም ልንገረው። ፒያሳ ነው፤ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሽቅብ ወደ ምኒልክ አደባባይ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአንድ ሰዓት ሠሪና ከአንድ ልብስ ሰፊ መሃል በተጨመቀች አንዲት የካሴት ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ነበርኩ። ያሰበውም ሰው ምን እንደደረሰበት በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ያ ልጅ ሲስቅ ደሜ ቢፈላ አይፈረድብኝም።

በሕይወቴ ሦስት ቦታ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው ሸክላና ግራሞፎን በሚሸጥ አንድ የውጭ ዜጋ ሱቅ ውስጥ አቧራ ጠራጊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሰውዬው ከጩኸት በቀር ያስተማረኝ ነገር የለም። አብዮቱ ሲመጣ ሱቁ ተወረሰ፣ እሱም አገሩ ገባ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ለትምህርት ቤቶች የሬድዮ ትምህርት በሚባዛበት መሥሪያ ቤት ጡረታዬ እስኪደርስ ቆየሁ፤ የሒሳብ ትምህርት በካሴት ሳባዛ ኖሬ ይኸው እስከ ዛሬ በጣቴ ነው የምደምረው። ስለ ደመወዙ አልናገርም፣ ጡረታውን ያየ ይገምተዋል። ሥራ የምለው ግን በሁለቱ መሃል የሠራሁትን፣ ጋሽ ሸምሱ ቤት የሠራሁትን ብቻ ነው።

ሥራ ልጠይቅ የገባሁ ቀን ጋሽ ሸምሱ ጀርባቸውን ለድምፅ ማጉያው ሰጥተው፣ ግድግዳውን እያዩ ቆመው ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከስልጤ አገር በልጅነታቸው መጥተው መርካቶ ያደጉ ሰው ናቸው። ሰላም ብላቸው አልመለሱም። የተቆጡ መስሎኝ ልወጣ ስል ዞር ሳይሉ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። ዘፈኑ አለቀ። ጥቂት ቆዩና ማሽኑን አጥፍተው ዞሩ።

«ምን ሰማሽ?»

«ዘፈን» አልኳቸው።

«ዘፈኑንማ መንገደኛውም ሰምቶታል። ዘፈኑ ካለቀ በኋላስ?»

«ምንም።»

«ምንም አይደለም። ዙሪና ስሚ።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞሩኝና መልሰው ከፈቱት። ዘፈኑ ሲያልቅ፣ ሌላው ሳይጀምር፣ ሩቅ የሚዘንብ ዝናብ የመሰለ ሽሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ነገርኳቸው። «በቃ፣ ነገ ነይ» አሉኝ። ቆሻሻ ቅጂ ዘፈኑ ውስጥ ይደበቃል፣ ዝምታው ላይ ግን መደበቂያ የለውም፤ ይህ ነበር ትምህርታቸው። የሙዚቃ ሰው ነኝ ብለው አያውቁም፤ መዝፈንም አይችሉ፣ ማጨብጨብም አይወዱ። ዝምታ ግን ያውቁ ነበር።

የዚያን ጊዜ ካሴት እንዴት እንደሚባዛ ለማያውቅ ልንገር። ዋናው ቅጂ፣ ማስተር የምንለው፣ በትልቅ ሪል ላይ ነው ያለው። ከሱ ሥር በሽቦ የተያያዙ ቴፖች ተደርድረዋል። ማስተሩ ይዘፍናል፣ እነሱ ይቀዳሉ። ማፍጠን የለም፤ ዘፈኑ የሚፈጀውን ያህል ቆመሽ ትጠብቂያለሽ። ክሩ የሚያልፍበት፣ ሄድ የምንለው የማሽኑ ራስ፣ ቡናማ አቧራ ይይዛል፤ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ካልጠረግሽው ድምፁ ጉንፋን ይይዘዋል። ሄዱ ፀጉር ታህል ከዘመመ ደግሞ ዘፋኟ ከጆንያ ውስጥ የምትዘፍን ትመስላለች። ያን የሚያቀኑት በትንሽ ካቻቢቴ ነው። ጋሽ ሸምሱ ካቻቢቴዋን የላይኛው ኪሳቸው ውስጥ እንደ እስክሪብቶ ሰክተዋት ይውሉ ነበር። ለደንበኛ የሚሰጠውን ካሴት መጀመሪያውን፣ መሃሉንና መጨረሻውን ሳይሰሙ ከባንኮኒው አያሳልፉም፤ ሲሰጡም በሁለት እጃቸው ነው። «ጋሼ፣ ካሴት እኮ ነው፣ ሕፃን አይደለም» ብያቸው «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ብለውኛል።

ደብሪቱን ያመጣት የገዛ እግሯ ነው። እሪ በከንቱ ሰፈር አንድ ጠጅ ቤት የምትዘፍን የአዝማሪ ልጅ ነበረች፤ አባቷ መሲንቆ ይመታል፣ እሷ ታዜማለች። አጭር፣ ሳቂታ፣ ምላሷ የሚፋጅ። ድምፅዋን ለመግለጽ አልሞክርም፤ የሰማ ሰምቷል። አንድ ቀን ወደ ሱቁ ገባችና «ጋሽ ሸምሱ፣ እርስዎ የሰው ድምፅ አያበላሹም ይባላል። የኔን ይቅዱልኝ» አለች።

አንድ እሑድ ጠዋት የጓዳውን ግድግዳ በፍራሽ ሸፍነን ቀዳናት። አንድ ማይክራፎን፣ አንድ መሲንቆ፣ አንድ ድምፅ። ሁለተኛው ዘፈን አልቆ ሦስተኛው ሊጀምር ሲል የጊዮርጊስ ደወል ተደወለ። እኔ ተበላሸ ብዬ ላጠፋ እጄን ስሰድ ጋሽ ሸምሱ ያዙኝ። ያ ደወል ከፍራሹ ጀርባ፣ ከሩቅ፣ ዝምታው መሃል ገብቶ ቀረ። በዝምታቸው ውስጥ አንድ ነገር እንዲገባ ሲፈቅዱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ግጥሞቹም በሳንሱር ተመርምረው፣ ማኅተም ተመቶባቸው አለፉ። ይህን የምናገረው ኋላ የመጣው ጣጣ ከግጥሙ እንዳልመጣ እንዲታወቅልኝ ነው።

ጣጣው የመጣው ከዋጋው ነው። ፒያሳ ያለ ካሴት ቤት ሁሉ በአንድ ዋጋ ነበር የሚሸጠው። ጋሽ ሸምሱ ያንኑ ዋጋ ሲጠሩ ደብሪቱ እጇን አርገፈገፈች።

«የለም የለም። ዋጋ አትለጥፉብኝ።»

«ታዲያ በምን ይሸጥ?»

«ጠጅ ቤት ስዘፍን ሰው ግንባሬ ላይ ብር ይለጥፋል። ያለው ድፍን ብር ይለጥፋል፣ የሌለው ሥሙኒ መዳፌ ላይ ያኖራል፣ ከዚያም ያጣ እልል ይላል። አባቴም እንዲህ ነው የኖረው፣ አባቱም። ልብስ አጣቢዋን ‹ይህን ካልያዝሽ ደብሪቱን አትሰሚም› ልበላት? ከኔ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ እኮ ነው የምታድረው! ሁሉም የፈቀደውን ይስጥ።»

እኔ ሳቅሁ። ጋሽ ሸምሱ አልሳቁም። ጥቂት ቀን አሰቡበት። ከዚያ የእጅ ሰዓታቸውንና የቤታቸውን ሬድዮ ሸጠው አንድ ካርቶን ባዶ ካሴት ገዙ። ያ ካርቶን ያለ ትርፍ ካለቀ ሱቁ ይዘጋል፤ እኔም እሳቸውም አውቀነዋል። «ይሆናል ብለው ነው?» አልኳቸው። «እሷ ከነአያቶቿ በዚህ ኖራለች፤ እኛስ ለምን አንኖርም?» አሉኝ።

መጀመሪያ ባንኮኒው ላይ ሳህን አስቀመጥን። የሆነውን ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

«ስንት ነው?» ይላል ደንበኛው።

«የፈቀድከውን።»

«እሱን ተይውና ስንት ነው?»

«እውነቴን ነው፣ የፈቀድከውን።»

«እህቴ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ። ሌላው ስንት ሰጠ?»

እንዲህ እያለ ሳህኑን ያያል፣ ከኋላው የቆመውን ያያል፣ ላብ ይዞት ይወጣል። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ መድኃኒት የለውም። በርካሽ ይወስዱታል ብለን ፈርተን ነበር፤ ሰው ግን ጭራሽ መውሰድ ፈራ። ከአትክልት ተራ የሚመጣ አንድ ተሸካሚ ነበር፤ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በራችን ላይ ቆሞ ደብሪቱን ያዳምጣል፤ ግጥሟን ከኔ በላይ ያውቀዋል። አንድ ቀን ደፍሮ ገባ። ሳህኑ ላይ የተዘረጋውን ብር አየ። እጁን ኪሱ ከተተ፣ ሳያወጣው ቆየ። «ለካ ተሳስቼ ነው የገባሁት» ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ በራችን ላይ መቆሙንም ተወ።

በሌላ በኩል ደግሞ አቶ ጌታነህ መጣ። ጨርቅ ነጋዴ ነው፣ ጠጅ ቤትም ደብሪቱ ግንባር ላይ ብር የሚለጥፍ፣ ስሙም በግጥም የሚነሳለት። ሱቁ ሰው እስኪሞላ በር ላይ ቆይቶ ገባና መቶ ብር በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ለሁሉም አሳየ። ሳህኑ ላይ አኖረና ቆመ። አይሄድም።

«ምን ጎደለ?» አልኩት።

«ስሜን አታነሳልኝም እንዴ?»

«ካሴት ነው እኮ። እሷ እዚህ የለችም።»

«እንግዲያው አንቺ አንሺልኝ።»

«እኔ የተቀጠርኩት ለመቅዳት ነው፤ ለማወደስ የሚከፈለኝ የለም» አልኩት። ሰው ሳቀበት። አኩርፎ ወጣ፤ መቶ ብሩን ግን አልመለሰም፣ ሰው እያየው እንዴት ይመልሳል?

ጋሽ ሸምሱ ሁሉንም አዩ። ከዚያ መጠጥ አፋቸው ገብቶ የማያውቀው ሰው እሪ በከንቱ ጠጅ ቤት ሄደው፣ አምቦ ውሃ አዘው፣ ሰዉ ሲሰጥ ሲያዩ አመሹ። በማግሥቱ ሳህኑን ከባንኮኒው አነሱት።

«ሰው ዘፈኑ ሳይነካው አይሰጥም» አሉኝ። «እኛ ሳናዘፍንለት ሳህን አቀረብንለት። ደግሞ እዚያ ጨለምለም ያለ ነው፤ ድሃው ሥሙኒውን ሲያኖር ማንም አያይበት። መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ደጅ ላይ ያለው ሣጥን ቀዳዳው ጠባብ የሆነው ለምን ይመስልሻል? እጅ እንዳይታይ ነው።»

ባለቤታቸው አንድ አረንጓዴ መጋረጃ ሰጡን። የጓዳው በር ላይ ሰቀልነው። ከኋላው አንድ በርጩማ፣ አንድ ቴፕ፣ ክዳኑ ላይ ጠባብ ቀዳዳ የተበጀለት አንድ የሻይ ቅጠል ሣጥን። ደንበኛው ብቻውን ይገባል፣ አንድ ዘፈን ይሰማል፣ የፈቀደውን ይከታል፣ ስንት እንደሆነ ማንም አያይም። ሲወጣ ጋሽ ሸምሱ ካሴቱን በሁለት እጃቸው ይሰጡታል፤ ምንም ላይከት ይችላል፣ እኩል ይሰጡታል። ሣጥኑንም ሳምንቱ ሳያልቅ አይከፍቱትም። አንዴ ማን ምን እንደሚከት ለማወቅ ጓጉቼ ወደ መጋረጃው አንገቴን ሳሰግግ በካቻቢቴዋ እጀታ ትከሻዬን መቱኝ።

ሰው መጣ! ልብስ አጣቢዎቹ መጡ፣ ሊስትሮ መጣ፣ የቢሮ ሠራተኛው ከሥራ ሲወጣ መጣ። ያ ተሸካሚም መጣ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ካሴቱን ከሸሚዙ ሥር ከቶ በሩ ጋ ሲደርስ ዞረና «ዛሬ ተሳስቼ አይደለም» አለኝ። በሥራ ዘመኔ ከሰማሁት ምስጋና ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው።

ሣጥኑ ሲከፈት ብር አለ፣ ሳንቲም አለ። ሌላም ነገር አለ፤ አዲስ መርፌ ከነክሩ፣ የሸሚዝ ቁልፎች፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በወረቀት የተቋጠረ ስኳር። ያን ጊዜ ስኳር ማለት ቀበሌ ሱቅ ተሰልፈሽ በኩፖን የምታገኚው ነገር ነው። ከልጆቿ ሻይ ላይ የቀነሰች ሴት ናት ያንን የቋጠረችው። ጋሽ ሸምሱ ቋጠሮውን መዳፋቸው ላይ አድርገው ብዙ አዩት፤ ሳይፈቱት መልሰው ሣጥኑ ውስጥ አኖሩት። ካርቶኑ አለቀ፣ ሌላ ካርቶን ተገዛ፣ ደብሪቱም ድርሻዋን ወሰደች። ስለ ገንዘቡ ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ሠርቷል።

አቶ ጌታነህም ተመልሶ መጥቶ ነበር። መጋረጃውን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «እኔ የሰጠሁትን ሰው ካላየው ሰጠ ይባላል?» አለ። ጋሽ ሸምሱ «እግዜር ያያል፣ አቶ ጌታነህ» አሉት። «በስውር የሚዋጣ ገንዘብ ለደግ ነገር አይውልም» ብሎ ሳይገባ ሄደ። እኔ ከኋላው አፌን አጣመምኩበት። ነገሩ በዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ስሕተታችንን እዩልኝ። ይሉኝታን የሚያድን መድኃኒት አገኘን ብለን ደስ አለን። የምንኖርበትን ዘመን ረሳን። ሰዎች አንድ በአንድ ወደ መጋረጃ ጀርባ ይገባሉ፤ ማንም የማያየውን ነገር ሣጥን ውስጥ ይከታሉ፤ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ ልብሳቸው ሥር አንድ ነገር ሸሽገው ይወጣሉ። እኛ ሙዚቃ ያየነው ቦታ ላይ ቀበሌ ምን እንደሚያይ አላሰብንም።

አንድ ጠዋት የቀበሌው ሊቀመንበር ጠመንጃ ያነገቡ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ገባ።

«ከዚህ ጀርባ ምንድን ነው ያለው?»

«በርጩማና ቴፕ» አልኩ።

«ሣጥኑስ?»

«ሰው የፈቀደውን የሚከትበት ነው።»

«የፈቀደውን?» አለና ወደ ጠባቂዎቹ ዞረ። «እኔ በዚህ አገር የፈቀደውን የሚያዋጣ ሰው አይቼ አላውቅም!» ብሎ ሳቀ። እነሱም ሳቁ። ከአፉ የወጣውን ነገር እሱ ራሱ አልሰማውም። እኔ ሰምቼዋለሁ፤ እስከ መቃብሬ አልረሳውም።

እነሱ ምን ያደርጉ እንደነበር ያልኖረበት አያውቀውም። ከደመወዝ ለእናት አገር ጥሪ ይቆረጣል፣ ለሠራዊቱ ይቆረጣል፣ ለድርቁ ይቆረጣል፤ እጅሽን አውጥተሽ በጭብጨባ ትደግፊያለሽ፣ ከዚያ «በውዴታ ተዋጣ» ይባላል። የውዴታ ግዴታ! እንዲህ ያለ ቃል አፋቸውን ሞልተው የሚናገሩ ሰዎች ነበሩ። ሳንወድ ሲወስዱብን ውዴታ ነው፤ ሰው ወዶ ስኳር ሲቋጥር ሴራ ነው። እኔ ያልገባኝ ይህ ነው፤ ስንት ዓመት ሆነው፣ አሁንም አልገባኝም።

ሣጥኑን ባንኮኒው ላይ ገለበጡት። ሊቀመንበሩ ሳንቲሙን ገፋ አድርጎ የስኳሩን ቋጠሮ አነሳ።

«ይህ የምን ምልክት ነው?»

«ስኳር ነው» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

«መሆኑን አይቻለሁ። የምን ምልክት ነው?»

ከጠባቂዎቹ አንዱ ማስተሩን ከማሽኑ ላይ አወለቀው። ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ጫፉን ይዞ ሳበው። ክሩ ተተረተረ፣ ወለሉን ሞላው፣ በጫማው ረገጠው። ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም። «ተይ፣ ጽጌ» አሉኝ ጋሽ ሸምሱ።

ሁለታችንንም ወደ ቀበሌ ወሰዱን። እዚያ ቀበሌ በር ላይ የአስተያየት መስጫ የተባለ ሣጥን ተሰቅሎ ነበር፤ እሱም ጠባብ ቀዳዳ አለው፣ እሱም ላይ ማን ምን እንደከተተ አይታይም። የሱ ግን ሕጋዊ ነው። በሱ ስንት ሰው እንደጠፋ ሰፈሩ ያውቀዋል።

ሊቀመንበሩ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠና «በስውር የሚዋጣ ገንዘብ ለደግ ነገር አይውልም» አለ። አንድ ቃል ሳይጎድል፣ አንድ ቃል ሳይጨመር። ያን ዓረፍተ ነገር የት እንደሰማሁት ወዲያው አወቅኩ። ጋሽ ሸምሱም አወቁ፤ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ከፈቱ።

«ለየትኛው ድርጅት ነው የምትሰበስበው?» አላቸው። አባቱ የሚሆኑትን ሰው አንተ እያለ።

«ለደብሪቱ ካሴት ነው።»

«ማን ማን አዋጣ?»

«አላየሁም።»

«የገዛ ሱቅህ ውስጥ እንዴት አታይም?»

«እንዳላይ ነው መጋረጃውን የሰቀልኩት» አሉ።

ሊቀመንበሩ የቀለዱበት መሰለው። ለጠባቂው በአገጩ ምልክት ሰጠ። ጠባቂው በመዳፉ፣ በሙሉ ክንዱ፣ ጋሽ ሸምሱን ጆሮ ግንዳቸው ላይ መታቸው። ተንገዳገዱና ቆሙ። እንደገና ተጠየቁ፣ ያንኑ መለሱ፣ እንደገና ተመቱ። ተሸካሚውን ያውቁታል። ልብስ አጣቢዎቹን አንድ በአንድ ያውቋቸዋል። የስኳሩ ባለቤት ማን እንደሆነች እኔ ስገምት እሳቸው አይጠፋቸውም። አንድ ስም ከአፋቸው አልወጣም። እኔን ጠባቂዎቹ «አንቺ ተቀጣሪ ነሽ» ብለው እየገፈተሩ አስወጡኝ። እሳቸውን አስቀሯቸው።

ክረምቱ ወጥቶ፣ መስቀል አልፎ ነው የተፈቱት። በመሃል እኔና ባለቤታቸው በየእስር ቤቱ በር ምግብ ይዘን ተንከራተትን፤ አንዱ ጋ አሉ፣ ሌላው ጋ የሉም። ደብሪቱንም ጠርተው ለቀበሌው የኪነት ቡድን ካልዘፈንሽ ብለው አስጨነቋት። ደመወዝ ይቆረጥልሻል ሲሏት «የኔን ዋጋ እናንተ አትቆርጡልኝም» ብላቸው፣ መሲንቆውን በጨርቅ ጠቅልላ አባቷን ይዛ ወደ ትውልድ አገሩ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም። ሌላ ካሴትም አላወጣችም። እንደዚያ ያለ ድምፅ አንዴ ተቀድቶ ማስተሩ በጫማ ተረግጦ ቀረ።

ጋሽ ሸምሱ ተፈተው ሱቁን የከፈትን ቀን በሩ ላይ ትእዛዝ ተለጥፎ ነበር፤ መጋረጃ ክልክል፣ ያለ ዋጋ መሸጥ ክልክል። እሳቸው አላነበቡትም። ቀጥ ብለው ገቡና አንድ ካሴት አስገብተው፣ እንደ ልማዳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ግድግዳው ጋ ቆሙ። ዘፈኑ አለቀ። አንገታቸውን ወደ ቀኝ አዘነበሉ። ወደ ግራ አዘነበሉ። ካሴቱን መልሰው እንደገና ሰሙ።

«ጽጌ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ዝምታው እንዴት ነው?»

የግራ ጆሮአቸው ጨርሶ ጠፍቷል። በቀኙም ዘፈኑን ይሰሙታል፣ ዝምታውን ግን አይለዩትም። አለቀስኩ። ከኀዘን አልነበረም፣ ከንዴት ነው። ካገኘሁት እገለው ነበር፤ ሊቀመንበሩንም፣ ጠባቂውንም፣ ያን መቶ ብር አንጠልጣይም። ጋሽ ሸምሱ ካቻቢቴዋን ከላይኛው ኪሳቸው አውጥተው ባንኮኒው ላይ ወደኔ ገፋ አደረጓት።

ያለ ጆሮ ካሴት ቤት አይሆንም። ሱቁን ለቀው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ክርና ቁልፍ ሲሸጡ ኖሩ። አልፎ አልፎ ሄጄ በቀኝ በኩል እቀመጥ ነበር። እዚያው ሳሉ አረፉ።

አቶ ጌታነህም ኋላ ሞተ፣ በስተርጅና፣ በሰላም፣ አልጋው ላይ። ትልቅ ድንኳን ተጣለ፣ ለቀስተኛው መንገድ ዘጋ። የማንም ሰው ቀብር ቀርቼ አላውቅም። የሱን ቀረሁ። ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ የሚያይ ብዙ ነበርና መቅረቴን ይዩት ብዬ ነው።

እንግዲህ ያ ልጅ ሬድዮ ላይ ሲስቅ ይህ ሁሉ ነው የመጣብኝ። ጣቢያው ስልክ ቁጥር ሰጥቶ ነበር፤ ደወልኩ። ልጁ ራሱ አነሳው። ነገርኩት፤ ሳህኑን፣ መጋረጃውን፣ ሣጥኑን። መጀመሪያ እንደ ቀልድ፣ ኋላ ግን እየጓጓ ሰማኝ።

«ግሩም ነው እማማ! ሰዎቹ በአማካይ ስንት ይከፍሉ ነበር?»

«አላየሁም።»

«እንዴት አያዩም?»

«እንዳናይ ነው መጋረጃ የሰቀልነው» አልኩት። የጋሽ ሸምሱ ቃል መሆኑን ያወቅኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«እሺ፣ ግን ከሁሉም በላይ የከፈለው ማን ነበር?»

«ባለ ሱቁ።»

«ምን ያህል ከፈሉ?»

«ጆሮአቸውን» አልኩት።

ልጁ ዝም አለ። እንደተማርኩት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ዝምታውን ሰማሁ፤ ሳቅ የተደበቀበት እንደሆነ ብዬ። አልነበረበትም፣ ንጹሕ ዝምታ ነበር። ልቤ ወደሱ ሊራራ ምንም አልቀረውም።

«እማማ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ከነዚያ ካሴቶች የተረፈ አለዎት?»

«አንድ አለኝ። ደወሉም አለበት።»

«ለጣቢያችን በስንት ይሸጡልናል?»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።